የጓሮ አትክልትን ተባይ ሳይጠሩ በቤት ማቆየት፦ ለአንዲት የሰበታ ነዋሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ ነው። ዘንድሮ በጓሮዬ የተከልኩትን ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ዱባ በጥቅምት አጋማሽ ሰብስቤ ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ጓዳ አስቀመጥኩ። ድንቹን አጥቤ በሁለት ማዳበሪያ ሞላሁት፤ ሽንኩርቱንም እዚያው አጠገቡ አኖርኩት። ወር ሳይሞላ ድንቹ ውስጥ ራሱ ቡናማ የሆነ ነጣ ያለ ትል አገኘሁ፤ ጥቃቅን ትንኝ ጓዳውን ሞላው፤ አይጥም ዱባውን ጀመረችው። ጎረቤቴ የነቀዝ ኪኒን በጨርቅ ቋጥሬ ማዳበሪያው ውስጥ እንዳደርግ መክራኝ ገዛሁ፤ ነገር ግን ልጆች ስላሉኝ ፈርቼ አልተጠቀምኩበትም። አሁን ምን ላድርግ? ለከርሞስ እንዴት ላስቀምጥ?

ምላሽ፦ ወደ አትክልቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ኪኒኑ መናገር አለብኝ። ፈርተው መተውዎ ትክክል ነበር፤ አሁንም አይጠቀሙበት። በየገበያው «የነቀዝ ኪኒን» እየተባለ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል እጅግ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ኪኒን ብቻዋን 1 ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። የተሠራው ሰው በማያድርበትና አየር እንዳያሾልክ ሆኖ በታሸገ መጋዘን ውስጥ ለተከማቸ ደረቅ እህል ነው፤ የሚያኖረውም የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት። ድንችና ካሮት ግን አብዛኛው አካላቸው ውሃ ስለሆነ በዙሪያቸው ያለው አየር ርጥብ ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። የተቋጠረበት ጨርቅ ጋዙን አያግድም፤ በበር ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ እያለፈ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ይደርሳል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት አልተገኘለትም። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሽታው ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ኪኒን የሚለቀው ጋዝ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው፤ ነጭ ሽንኩርት በተሰቀለበት ጓዳ ውስጥ ያን ሽታ የአደጋ ምልክት ነው ብሎ የሚጠነቀቅ ማን አለ? ስለዚህ ዛሬውኑ ውሃ ሳያስነኩ ከመኖሪያ ቤቱ ያውጡት፤ ደረቅና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት፤ ሽንት ቤት ወይም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣሉት፤ እንዴት እንደሚወገድም ለወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አሳይተው ይጠይቁ። እህል ላይ የሚነሰነሰውን ማላታይንም በድንችና በሽንኩርት ላይ እንዲነሰንሱ የሚመክርዎ ሰው ቢመጣ መልስዎ ያው ይሁን፤ ነገ ልጬ ለምበላው ነገር ዛሬ መርዝ አልነሰንስም ይበሉ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ተባይ ጓዳ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ አይፈጠርም፤ አንዳንዱ ከማሳው ከምርቱ ጋር አብሮ ይገባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሽታ ጠርቶት ከውጭ ይመጣል፤ የሚጠራውን ሽታ የሚያወጣው የተጋጠ፣ የተቀጠቀጠ፣ ወይም ርሶ መበስበስ የጀመረ አትክልት ነው። ስለዚህ አትክልትን ከተባይ የሚጠብቀው ከተቀመጠ በኋላ የሚደረግለት መድኃኒት ሳይሆን ከመቀመጡ በፊት የሚደረግለት ምርጫና ማድረቅ ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ በእርስዎ ቤት የሆነው ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድንቹ ታጠበ፣ አየር በማይገባበት ማዳበሪያ ታመቀ፣ የምጣዱ ሙቀት በሚያገኘው ጓዳ ገባ፣ ከሽንኩርቱም ጋር ጎረቤት ሆነ። እነዚህ አራቱ ስሕተቶች በብዙ ቤት የሚሠሩ ናቸውና ራስዎን አይውቀሱ።

በድንቹ ውስጥ ያገኙት ትል እንደ አገላለጽዎ የድንች የእሳት እራት እጭ ይመስላል። ለማረጋገጥ አንድ የተበሳ ድንች ያንሡና ዐይኑን፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበትን ጎድጓዳ ቦታ፣ ይመልከቱ፤ እዚያ ላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ጥቃቅን ኩስና ስስ ድር ካለ፣ ሲቆረጥም ከልጡ ሥር የሚጠማዘዝ መንገድ ከታየ ነገሩ እሱው ነው። ቀዳዳው ቀጥ ያለና ጠባብ ሆኖ ኩስም ድርም ከሌለው ግን ያበላሸው በአፈር ውስጥ የሚኖር ሌላ ትል ነው፤ ያኛው በጓዳ ውስጥ ስለማይራባ የተበሳውን መርጦ ቶሎ ከመብላት ያለፈ ሥራ አይጠይቅም። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የእሳት እራቷ ጓዳ ውስጥ ገብታ ትውልድ በትውልድ ላይ ትተካለች። ግራጫማ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ሲመሽ የምትበር ትንሽ እራት ናት፤ እንቁላሏን በድንቹ ዐይን አካባቢ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ ወዲያው ወደ ውስጥ ይበሳል። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል ተነሥታ እንደገና የምትበር እራት እስክትሆን አንድ ወር ገደማ ይበቃታል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ግን ዕድገቷ ሊቆም ምንም አይቀረው። የሰበታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እንግዲህ ለእርስዎ ትልቅ ረዳት ነው፤ ያን ብርድ ያራቀው የማድ ቤቱ ግድግዳ ነው።

ዛሬ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ማዳበሪያዎቹን ከቤት ውጭ ያውጡና ድንቹን ጥላ ባለበት ቦታ በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ይዘርግፉት፤ አንድ በአንድ እያነሡም ይለዩት። ንጹሑን ለብቻ፣ አንድ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለውን ለብቻ ያድርጉ፤ ሁለተኛው ክፉው ተቆርጦ ወጥቶለት በዚህ ሳምንት ይበላል። በውስጡ የተቦረቦረውንና የበሰበሰውን በጓሮ ክምር ላይ ወይም ለኮምፖስት በተዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፤ እጩ እዚያ ዕድገቱን ጨርሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይመጣብዎታል። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩትና አፈሩን ይርገጡት፤ ወይም በጥቁር ላስቲክ አስረው ብዙ ቀን ጠንካራ ፀሐይ ላይ ያሰጡት። ባዶዎቹ ማዳበሪያዎች ደግሞ ሊረሱ የማይገባ ነገር ናቸው፤ ዕድገቱን የጨረሰ እጭ ከድንቹ ወጥቶ በማዳበሪያው ስፌት፣ በመደርደሪያ ማጋጠሚያና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ድር አድርቶ ይጠቀለላል። ስለዚህ ማዳበሪያዎቹን በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉና ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ጓዳውን ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ ይጥረጉ፤ መደርደሪያውንና ወለሉን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ይወልውሉ፤ ከዚያም እስኪደርቅ ድረስ በርና መስኮቱን ይክፈቱት።

ንጹሕ ብለው በለዩት ድንች ላይም ዐይን የማያየው እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ልጡን በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ፈጽሞ አይጠቡት። ከዚያ የእንጨት ሳጥን ወይም ቅርጫት ውስጥ ያድርጉና ላዩን ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ደረቅ አሸዋ ወይም በተነፋ አመድ ያልብሱት። የእሳት እራት አሸዋ ቆፍራ ወደ ድንቹ መድረስ አትችልም፤ አርሶ አደሩ ድንችን በአመድ መቅበሩ መሠረት ያለው ዘዴ ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በየንብርብሩ መሐል መበተንም እራቷን ያርቃል። የጤፍ ጭድን ግን አይጥ ባለበት ቤት አልመክርም፤ ለአይጥ ከዚያ የሚመች የመውለጃ አልጋ የለምና። ሳጥኑን ከማድ ቤቱ በሚርቅ፣ ፀሐይ በማይመታው የቤቱ ጎን፣ ጨለማ በሆነ ክፍል ያኑሩት፤ የክፍሉን መስኮት ማታ ከፍተው ጠዋት ይዝጉት። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው የሌሊቱን ብርድ ለቀኑ ያከማቻል፤ ለደጋ ሰው ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ማለት ይህ ነው። መስኮቱ ግን ጥቅጥቅ ባለ የመስኮት ወንፊት ይሸፈን። ለወባ መከላከያ የሚታደለውን አጎበር ለዚህ ሥራ አይቁረጡት፤ ፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ስለሆነ ከምግብ ጋር መነካካት የለበትም፤ የተሰጠበትም ምክንያት ሌላ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሃያ ቀን በኋላም እንደገና ሳጥኑን አፍስሰው ይፈትሹት፤ ዛሬ ያልታየ እንቁላል በእነዚያ ቀናት ውስጥ ራሱን ይገልጣል።

ድንቹ በጨለማ ይቀመጥ ያልኩት ለእራቷ ብቻ አይደለም። ብርሃን ያየ ድንች ይረነጉዳል፤ መረንጎዱም ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር መብዛቱን ያመለክታል፤ ይህም መቀቀልና መጥበስ የማያጠፋው ነው። ትንሽ የረነጎደውን ልጡን በደንብ አጥልቀው ይላጡ፤ ሲቀመስ መራራ የሆነውን ይጣሉት፤ ለልጆች በተለይ አይስጡት።

ለከርሞ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ከማሳው ነው። የእሳት እራቷ እንቁላሏን በመጀመሪያ የምትጥለው አፈር ሳይሸፍነው በቀረና በተሰነጠቀ አፈር ውስጥ በሚታይ ድንች ላይ ነው፤ ስለዚህ በኩትኳቶ ጊዜ አፈር በደንብ ማልበስ ከማናቸውም የጓዳ መድኃኒት ይበልጣል። ድንቹን ሊቆፍሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀርዎ ቅጠልና ግንዱን አጭደው ከማሳው ያርቁት፤ ልጡ በአፈር ውስጥ እያለ ይጸናል፣ በአውራ ጣት ሲታሽም አይገሸለጥም። ያልጸና ልጥ በመቆፈሪያውና በማመላለሻው ይጋጣል፤ የተጋጠው ሁሉ ለብስባሽ በር ይሆናል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ጠዋት ይቆፍሩ፤ የተቆፈረውንም በዚያው ቀን ከመምሸቱ በፊት ያስገቡ። ብዙ ሰው ከፀሐይ ለመከለል በማለት የተቆፈረውን ድንች በራሱ ቅጠል ሸፍኖ ያሳድራል፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ በላዩ የነበረው እጭ ወደ ድንቹ ይወርዳል፣ እራቶቹም ሲመሽ እንቁላል ይጥሉበታል። ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቅዝቃዜው መካከለኛ በሆነና በጨለማ ክፍል ስስ አድርገው ይዘርጉት፤ በዚያ ጊዜ ድንቹ ጥቃቅን ቁስሉን ራሱ ያሽራል። በመቆፈሪያ የተወጋው ወደ ማከማቻ አይገባም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ድስት ይግባ።

ሽንኩርት ከድንች ተቃራኒ ጠባይ አለው። ድንች ይተነፍሳል፣ እርጥበትም ያወጣል፤ ሽንኩርት ደግሞ ያን እርጥበት ስቦ ይበሰብሳል ወይም ያበቅላል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍል ባይሆኑ ይመረጣል፤ ክፍል ከጠበበም ቢያንስ በሁለት ማዕዘን ይራራቁ። ቀይ ሽንኩርት ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሲወድቅ ይነቀልና ዝናብ በማይነካው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰጣል። መድረሱን የሚያውቁት አንገቱን በሁለት ጣት ጨምቀው ነው፤ ውስጡ ሲንሸራተት ከተሰማዎ አልደረቀም፤ ክርችም ብሎ ልጡም ሲነካ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። አንገተ ወፍራሙን መጀመሪያ ይጠቀሙት፤ ምን ቢያደርጉለት አይቆይም። የቀረውን በተጣራ የሽንኩርት ከረጢት አድርገው አየር ባለበት ይስቀሉት። በልጡ ሥር እንደ ጥላሸት የጠቆረ ዱቄት ካዩ ሻጋታ ነው፤ በቂ ሳይደርቅ እንደገባ ያመለክታል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ በጥላ ደርቆ ከነአገዳው ተጎንጉኖ ቢሰቀል ከሁሉም አትክልት የሚያስቸግረው ያነሰ ነው። ነጭ ብስባሽ የሚባለው በሽታ የጎበኘው ካለ ግን፣ ማለትም ሥሩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገርና ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት፣ ልጡንም ሆነ ፍሬውን ወደ ጓሮ አይመልሱት፤ የዚህ በሽታ ዘር በአፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ በዘይት ሞልቶ በመደርደሪያ ላይ ማቆየት በየቤቱ እየተለመደ መጥቷል። ዘይቱ አየርን ስለሚያግድ ከአፈር የመጣ፣ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያስከትል ረቂቅ ተሕዋስ በውስጡ ሊራባና ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊገድል ይችላል። በዘይት የተለወሰ ነጭ ሽንኩርት በፍሪጅ ብቻ ይቀመጥ፤ ከአራት ቀንም አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት የሚፈልጉ ከሆነ በበረዶ ቤቱ ያድርጉት።

ካሮት ባይነቀል ይሻላል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአፈር ውስጥ ትተው በየሳምንቱ የሚበሉትን ያህል ብቻ መንቀል ከሁሉም የሚቀል ዘዴ ነው፤ ጓሮዎ ፍልፈል የሚገባበት ከሆነ ግን ከሥር ሥር እየሳበ ስለሚጨርሰው አይተዉት። የተነቀለው ካሮት ቅጠሉ ወዲያው ይቆረጥ፤ ቅጠሉ ውሃውን ከሥሩ እየመጠጠ ያጠወልገዋልና። ሳይታጠብ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በንብርብር ይደርደር። የአሸዋው እርጥበት ልክ የሚታወቀው ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ሲሆን ነው። ሳጥኑን በሽቦ ወንፊት መክደን አይርሱ፤ ለአይጥ ብለው ያመጧት ድመት ክፍት አሸዋ ካገኘች መጸዳጃዋ ታደርገዋለች። ከበሰለ ሙዝ፣ ከማንጎና ከቲማቲምም ያርቁት፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ኢትሊን የተባለ ጋዝ ካሮትን መራራ ያደርገዋል። ቀይ ሥርም በዚሁ መንገድ ይቀመጣል፤ ብቻ ቅጠሉ ሲቆረጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይተውለት፤ አለዚያ ቀለሙና ውሃው ይፈስሳል።

ትንኞቹን የጠራው የበሰበሰው ድንች ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን እግረ መንገድዎን ጓዳውን ሌላ ምን እንደሚጋራው ይመልከቱ። እነዚህ ትናንሽ ትንኞች የሚወዱት መፍላት የጀመረን ነገር ነው፤ የቡኮ ባልዲ፣ የጠላ ጋን፣ የተሰነጠቀ ቲማቲም ወይም ከመደርደሪያ ሥር ተንከባልሎ የተረሳ አንድ ሽንኩርት ይበቃቸዋል። በሞቃት ክፍል ከእንቁላል እስከ መብረር አሥር ቀን ያህል ብቻ ስለሚፈጅባቸው ምንጩን ሳያጠፉ የሚበሩትን መግደል ከንቱ ድካም ነው። ምንጩ ከጠፋ በኋላ የቀሩትን በትንሽ ኩባያ አቼቶ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ያኑሩላቸው፤ ሽታው ይስባቸዋል፣ ሳሙናው ደግሞ በላዩ እንዳይቆሙ አድርጎ ያሰምጣቸዋል። ቡኮውንና ጠላውን ግን ከአትክልቱ ክፍል ለዘለቄታው ያውጡ።

አይጥን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የመርዙን ስም ነው፤ እኔ የምጠይቀው በየት እንደገባች ነው። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ትገባለች። ማታ ጓዳው ውስጥ መብራት አብርተው ከውጭ ሆነው ብርሃን የሚያሾልከውን ሁሉ ይፈልጉ፤ የቧንቧ መግቢያውን፣ የበሩን ሥርና ግድግዳው ከጣራው ጋር የሚገናኝበትን በተለይ ይመልከቱ። የተገኘውን ቀዳዳ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጎስጉሰው በላዩ ሲሚንቶ ይለስኑበት፤ ጨርቅና እንጨት ቦርቡራ ታልፋለች። የበሩን ሥር በቆርቆሮ ይደፍኑ። መደርደሪያው ከወለል ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ያን ጊዜ ኩስዋን ማየትና መጥረግ ይቻላል፤ እግሮቹንም በለስላሳ ቆርቆሮ ቢጠቀልሉ መውጣት አትችልም። አይጥ መሐል ወለል ላይ መሮጥ አትወድም፤ ግድግዳ ትከተላለች፤ ስለዚህ ወጥመዱን ግድግዳ አስጠግተው ያጥምዱ። መርዝ በምግብ ማከማቻ አይኑር፤ የተመረዘች አይጥ በኮርኒስ ውስጥ ሞታ ትሸታለች፣ ድመትና ውሻንም ታስገድላለች፣ ልጅ መርዙን ሊያነሣው ይችላል። ኩስዋን ደረቁን አይጥረጉት፤ በበረኪናው ውሃ አርሰው በጨርቅ ያንሡት። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰሉ በሽታዎች ያስተላልፋልና የጀመረችውን ዱባ ቆርጦ የቀረውን መብላት አይገባም።

ዱባው ራሱ ግን ጠንካራ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆይልዎታል። ሲቆረጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አንገት ይተውለት፤ በአንገቱም አንጠልጥለው አይሸከሙት፤ አንገቱ ከተገነጠለ ብስባሽ በዚያ ይገባል። አሥር ቀን ያህል ሞቃትና ደረቅ ቦታ ላይ ይቆይ፤ ልጡ በጥፍር የማይጫር ሲሆን አንዱ በአንዱ ላይ ሳይነባበር በመደርደሪያ ላይ ይደርደር። ለድንቹ ያልተስማማው ከማድ ቤት አጠገብ ያለው ደረቅ ጓዳ፣ የአይጡ ቀዳዳ ከተደፈነ፣ ለዱባውና ለሽንኩርቱ ይስማማል።

ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚከማቹ አይደሉም፤ ሳይታጠቡ በፍሪጅ ለጥቂት ቀን ይቆያሉ። ፍሪጅ ከሌለ ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላትና አፉን በእርጥብ ጨርቅ መክደን ይቻላል፤ ውሃው በሸክላው በኩል ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህን ዘዴ አሻሽሎ በሀገሩ በማሠራጨቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስን ሽልማት አግኝቷል። በበጋው ደረቅ አየር በደንብ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ አይጠቅምም። ቲማቲምን ፍሪጅ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ሌላው ቢቀር በዚህ ማሰሮ ማቆየት ይሻላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይጠፋል።

አልጠየቁኝም፤ ሆኖም ከዚህ ድንች ለዘር የሚያስቀሩት ካለ ከላይ የተናገርኩት የጨለማ ነገር ለእሱ አይሠራም። የዘር ድንች ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን ፈንጠር ያለ ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ ይጠነክራል፤ በጨለማ የበቀለው ግን ረዝሞ ነጥቶ ሲተከል ይሰበራል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጠን የመሰሉ ዝርያዎች ያወጣ ተቋም ሲሆን፣ ብርሃን በሚያስገባ ማከማቻ ዘርን ማቆየት በሀገራችን እንዲለመድ ከሠሩት አንዱ ነው። ለቤትዎ ያን የሚያህል ቤት መሥራት አያስፈልግም፤ ከቤቱ ዳር ጣራ ባለበት በረንዳ ላይ የአጠና መደርደሪያ ሠርተው የእንቁላል መጠን ያላቸውንና ምንም ቀዳዳ የሌለባቸውን ድንቾች ከሁለት ንብርብር ሳያስበልጡ ይዘርጉ፤ ብርሃን ባለበት ቦታ እራቷም ስለምትደርስ ዙሪያውን በወንፊት ይሸፍኑት። በየሳምንቱ ሲፈትሹ ዐይኑ ላይ ኩስ የታየበትን አንድ ድንች እንኳ ቢያገኙ ወዲያው ያውጡትና አጠገቡ የነበሩትን አንድ በአንድ ገልብጠው ይመልከቱ፤ የረነጎደውን የዘር ድንችም ለምግብ እንዳይወስዱት ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ።